ፈቃዱን የሚዘጋው ሰው

የሱቃችን ፈቃድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ የሰው እጅ እንዳለበት አመንኩ። መጀመሪያ የተዘጋ ጊዜ በመብራት አሳብቤ ነበር። ጂንካ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚደርሰው ሁሉ በመብራት ይሳበባል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ሁለተኛው ግን የደረሰው መብራት ሳይጠፋ በሰነበተበት ሳምንት ነበር።

ሱቁ የእትዬ ነው። አንቱ ስላት «አታስረጀኝ» ብላ ስለተቆጣችኝ አንቺ እላታለሁ። በአልዱባና በዲመካ ገበያ እየተዘዋወረች ማር፣ ጨሌ፣ ቅልና ከእንጨት የተፈለፈለ የሐመር መቀመጫ ትገዛለች። ደንበኞቿ ግን አዲስ አበባና ሐዋሳ ተቀምጠው በስልካቸው የሚያዝዙ ናቸው። የኢንተርኔት ሱቋን ያቆምኩላት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ ስልክ እየጠገንኩ፣ የተጣለ ማሽን እየፈታሁ፣ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ስለዚህ አውቃለሁ የምለውን ነገር እንኳ ደጋግሜ ሳላየው አላምነውም።

ሱቁን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም የምንከራየው ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው የፈቃድ ፋይል ሲያገኝ ብቻ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ የሱቁ የድረ ገጽ ስም፣ ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ከዚያ በታች ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። ከድርድሩ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ወይም መሃሉ ላይ ክፍተት ቢገባ ፋይሉ ይሞታል። ያን ጊዜ ደንበኞች የሚያዩት ገጽ ባዶ ይሆናል። ማሩም ጨሌውም ይጠፋል፤ እትዬም በገበያ ቀን ዕቃ ተሸክማ የሚገዛት ታጣለች።

የፋይሉን ቅጂ በፍላሽ አስቀምጬ ነበር። ሱቁ በተዘጋ ቁጥር ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ ፊደል በፊደል አስተያያቸዋለሁ። ምንም ልዩነት የላቸውም። ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ፋይሉ ካልተበላሸ፣ ጊዜውም ካላለፈ፣ አንድ ሰው ገልብጦት ሌላ ሱቅ እየከፈተበት ነው ማለት ነው፤ እኔ የደረስኩበት ይህ ነበር።

ድርጅቱ ጋ ስደውል ስልክ የሚያነሳው ሰውዬም ከእኔ የተለየ አላሰበም።

«እናንተ ጂንካዎች በፋይሉ እየተጫወታችሁ ነው» አለኝ።

«አልነካነውም።»

«ሲስተሙ ማጭበርበር ብሎ ነው የቆለፈው። እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«ምን ዓይነት ማጭበርበር?»

«እሱን እንኳ አንተ ንገረኝ እንጂ ወንድሜ! አዲስ ፋይል እልክልሃለሁ። ከደገማችሁ ግን ውላችሁ ይቋረጣል።»

ይህን ለእትዬ ስነግራት የማር ጣሳ እየከደነች ነበር። ክዳኑን አጥብቃ ጨረሰች።

«ኮምፒውተሩን የምትነኩት ሁለት ናችሁ» አለች። «ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገም፣ አንተ ወደ ስልክ ጥገናህ፣ እኔም ወደ ሌላ ባለሙያ።»

የስልክ መጠገኛዬን ጠረጴዛ ለሌላ ሰው ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። የምመለስበት ቦታ እንደሌለኝ እሷም ታውቃለች።

ከእኔ ሌላ ኮምፒውተሩን የሚነኩት ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው መጥተው፣ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እዚሁ ጂንካ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕቃ ያሽጋሉ፣ የርክክብ ወረቀት ያትማሉ። ጥርጣሬዬ ሁሉ እሳቸው ላይ አረፈ። የእህታቸው ልጅ አርባ ምንጭ ላይ እንደኛው ያለ የኢንተርኔት ሱቅ ከፍቷል። አንዳንድ ጠዋት ስገባ ደግሞ የከፈቱትን ነገር ቶሎ ዘግተው ከኮምፒውተሩ ይነሳሉ። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ክዳኑን ወደ ግድግዳ አዙሬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ወደ በሩ ዞሮ አገኘሁት።

ልፈትናቸው ፈለግኩ። «ጋሼ፣ የአርባ ምንጩ ልጅ ሱቅ እንዴት ሆነ?»

«የሱን ነገር ተወው! የእናንተን የዕቃ ፎቶ እየሰረቀ ይለጥፋል» ብለው ሳቁ። «አንተ ግን ዛሬ ወሬ አማረህ። ምን በልተህ ነው?»

ፎቶ የሰረቀ ፋይል አይሰርቅም ወይ? ሳቃቸው ጭራሽ አስቆጣኝ። ከዚያ በኋላ ቡና ሲጋብዙኝ እንኳ ለምን ይሆን እያልኩ ነበር የምጠጣው።

ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመግባቴ በፊት መናኸሪያ ሄጄ ከዲመካ የሚመጣውን ዕቃ እቀበላለሁ። በዝናቡ ወራት አንድ ቀን ወንዝ ሞልቶ ሚኒባሱ ቀረ። ሾፌሩ ደውሎ «አትጠብቀኝ» ሲለኝ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰዋል። ሰላም ሳልል ቆሜ አየኋቸው። ፕሮግራሙ ክፍት ነው። የማሽኑን ቀን ከፍተው ዓመቱን ወደ ኋላ መለሱ፣ ወሩንም ቀኑንም ቀየሩ፣ አንድ ወረቀት አተሙ። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መለሱት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደነገጡ። «አንተ ደግሞ ምን እንደ ዘበኛ ያስቆምሃል? ግባ እንጂ!»

«ቀኑን ለምን ለወጡት?»

«አልለወጥኩትም፣ አስተካከልኩት እንጂ! ይሄ ማሽን የሚኖረው በፈረንጅ ቀን ነው።» ወረቀቱን አሳዩኝ። ለእንግዶቹ ማር ከእኛ የሚገዛ የአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የፈረንጅ ቀን ያለበት ወረቀት አልቀበልም ብላ መልሳባቸዋለች። በእስክሪብቶ ሲያርሙትም ስርዝ ድልዝ አለው ብላ መለሰችው። «ስለዚህ የሷ ወረቀት ሲመጣ ብቻ በአገራችን ቀን አትማለሁ። ያንተ ነገር እንዳይበላሽ ደግሞ ቶሎ እመልሰዋለሁ።»

ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በየዕለቱ ያየውን ቀን ይመዘግባል። ቀኑ በድንገት ወደ ኋላ ከሄደ፣ ጊዜው ያለፈበትን ፈቃድ ለማስረዘም የሚደረግ ተንኮል ይመስለዋል። ወዲያው ግን አይዘጋም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ነው የሚቆልፈው። ቀኑ ቢመለስም አይምርም። ጋሼ በአንዱ ቀን አትመው ይሄዳሉ፣ ሱቁ በማግስቱ ይዘጋል፤ ሁለቱን ማን ያገናኛል?

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አንደኛ፣ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን አያውቅም ብሎ ማመን ከበደኝ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ታትሟል። የገባኝ ነገር ትክክል ከሆነ ሱቁ ነገ ጠዋት ይዘጋል፤ እኔም እባረራለሁ።

እትዬ ስትመጣ በጋሼ ፊት ነገርኳት። «ነገ ጠዋት ይዘጋል።»

ዓይኗ ጠበበ። «አንተ ካልዘጋኸው በምን አወቅህ?»

ሁሉንም አስረዳኋት። ወደ ጋሼ ዞረች፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እንግዲህ በአገሬ ቀን ልከሰስ? ይሁና!»

«ቀን ብቻ ነው የምትለኝ?» አለችኝ። «ለቀን ብሎ ሱቅ የሚዘጋ ማሽን አለ?»

«ነገ አብረን እንክፈተው።»

በማግስቱ ሦስታችንም ማሽኑን ከበን ቆምን። ከፈትኩት፤ ተዘጋ። እትዬ ማሽኑን ትታ የእኔን ፊት ነበር የምታየው። ድርጅቱ ጋ ደውዬ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው አደረግኩ።

«አሁንስ አበዛችሁት!» አለ ሰውዬው።

«አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። የማሽናችን ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ያውቃል?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትክድ ከርመህ...»

«እባክህ እይልኝ።»

ኪቦርድ ሲመታ ተሰማን። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተመልሷል» አለ። «የትናንቱም፣ የፊተኞቹም። ስምንት... ቆይ፣ ቆይ! በኢትዮጵያ ቀን ነው እንዴ ያደረጋችሁት?» ሳቁ ሱቁን ሞላው። «እኛም እኮ እዚሁ አገር ነን! እንዴት አላሰብነውም?»

«ሳቁን ተወውና ፋይሉን ላክ» አለችው እትዬ።

ላከ። ማሩም ጨሌውም ተመለሰ። እኔም የዚያኑ ዕለት ከርክክብ ወረቀቱ የፈረንጁን ቀን አንስቼ የአገራችንን ቀን በእጅ መጻፊያ ባዶ ቦታ አወጣሁለት። ጋሼ ማሽኑን መንካት ሳያስፈልጋቸው ይሞሉታል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዕቃ እየለየች፣ ቀና ሳትል፣ «ፍላሽህን ከመሳቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለአንድ ባለሙያ ላሳየው። የራስህን ሱቅ ከፍተህበት እንደሆነ ብዬ።»

«ምን አለሽ?»

«አይታወቅም አለኝ።»

ጋሼ ከካርቶኑ ጀርባ ሳቁ። «እኔም ይሄ ዝምተኛ ልጅ አያምነኝም ብያት ነበር። አንተስ ማንን ጠርጥረህ ነበር?»

አየኋቸው። ሳቃቸውን ቀስ ብለው አቆሙ፤ ፕላስተሩን ቀደው ካርቶኑን ማሸግ ቀጠሉ።

ከሥራዬ አልተባረርኩም። ፍላሹን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ ወንበር ስባ አጠገቤ ትቀመጣለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ትከተላለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» ትለኛለች።

«የሱቁ ስም ነው።»

«ይሄስ?»

«የሚጀምርበት ቀን።»

«በማን ቀን?» ትላለች። እኔም እነግራታለሁ፤ እሷም ልክ መሆኑን ወደ ጋሼ ዞር ብላ ትጠይቃቸዋለች።