የጋሽ ታፈሰ እንትፍታ

ባለፈው ማክሰኞ የሳይኮሎጂ መምህርታችን አንድ የወረቀት ኩባያ ይዘው ክፍል ገቡ። የሰው ባሕርይ ከሥጋው ጋር ስላለው ዝምድና የሚያወራውን ምዕራፍ ልንጀምር ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀኑን በደብተሬ ጥግ ጽፌ፣ እስክሪብቶ ይዤ እጠብቃለሁ። መምህርቷ ግን ምንም አላስጻፉንም።

"አፋችሁ ውስጥ ያለውን ምራቅ ዋጡ" አሉ። ዋጥን። "ምን ተሰማችሁ?" ምንም አልተሰማንም። ቀጥለው ኩባያውን ለአንድ ልጅ ሰጡና "እዚህ ውስጥ ትፋ" አሉት። እያፈረ ተፋ። "በል እንግዲህ መልሰህ ጠጣው።"

ክፍሉ በሙሉ ቀፈፈው። ልጁ ኩባያውን ከራሱ አርቆ ያዘ። የራሱ ምራቅ እኮ ነው፤ አፉን ከለቀቀ ገና ደቂቃ አልሞላውም።

መምህርቷ መጸየፍ ከማሰብ በፊት የሚነቃ ዘበኛ ነው አሉን። ሳሙናም ሐኪምም ባልነበረበት በጥንቱ ዘመን፣ ከበሰበሰና ከቆሸሸ ነገር የሸሸ ሰው በሽታ ስለሚቀርለት ብዙ ልጅ አሳድጎ አለፈ፤ እኛም የእነዚያ የሸሹት ልጆች ነን። "ይሄ ዘበኛ ግን ለሰው ያዳላል" አሉ ቀጥለው። "እናት የልጇን ንፍጥ በጣቷ ትጠርጋለች፤ የጎረቤቷን ልጅ ግን ሶፍት ታቀብለዋለች። የራሳችን ላልነው ሰው ዘበኛው በሩን ገርበብ ያደርጋል።"

ሁሉም ጻፈ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ የግቢያችን በር ላይ ምን እንዳደረግኩ ትዝ አለኝ።

እናቴ ሜክሲኮ አደባባይ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ሲመሻሽ ትመለሳለች። አባቴ ገና ሳልራመድ ስላረፈ እኔን የሚጠብቅ ሰው አልነበራትም፤ ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ ደረሱላት። ጋሽ ታፈሰ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። ሱቃቸው ከግቢያችን በር ጎን የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ የመዶሻው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ በድምፁ ይማረራል፣ እኔ ግን ከሱቋ ጥግ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ድምፅ ነው። ዛሬም ዶርም ውስጥ ጸጥ ሲል ማጥናት ያቅተኛል።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነፋስ አቧራ አንስቶ ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ገባ። ስጮኽ መዶሻውን ጣሉና ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጠው፣ ጉድፉን በምላሳቸው ጫፍ አወጡልኝ። ዛሬ ሐኪም ቢሰማ ይቆጣ ይሆናል። እኔ የማስታውሰው ግን ሙቀቱንና፣ ከዚያ በኋላ ዓለም ጥርት ብላ መታየቷን ነው። አልተጸየፍኩም፤ እሳቸውም አልተጸየፉም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለነበር፣ ተፈታኙ ሻንጣውን ይዞ ገብቶ እስኪጨርስ እዚያው ያድራል፤ ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጌጃ ሰፈር ጭቃ ነበር። እናቴ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች፣ ገና ያልበረደ ዳቦም በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። የክፍል ጓደኛዬ ናታን አዲስ ጃኬት ለብሶ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ናታን ከአዲሱ ኮንዶሚኒየም የመጣ አራዳ ልጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ ፊት እንዳላፍር ብዙ የምጠነቀቅ ልጅ ነበርኩ።

ጋሽ ታፈሰ ከሱቃቸው ወጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዘይት የነካው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው፣ "ና እስቲ ልጄ" አሉኝ። ጎንበስ አልኩ።

"እግዚአብሔር ይቅደምልህ። የጻፍከው ይቅናህ። የረሳኸውን ያስታውስህ። የሄድክበት መንገድ በደስታ ይመልስህ። እንትፍ! እንትፍ!"

በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ካላለ ምርቃቱ ገና እንዳልተዘጋ ደብዳቤ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜም ምራቁ ለምልክት ያህል ነው። የዚያን ቀን ግን ፊቴ ላይ በደንብ አረፈ። ራሴ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ እሱን አላዘዝኩትም። ቀጥሎ የመጣው ግን የእኔ ሥራ ነበር። ናታን እያየኝ ስለነበር እጅጌዬን አንስቼ ፊቴን ከግንባር እስከ አገጭ ጠረግኩት።

ጋሽ ታፈሰ ሌላም ሊሉ የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና "በል ይቅናህ፣ ታክሲ እንዳያመልጣችሁ" ብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። "አሜን" ማለቴን አላስታውስም።

"ጀለሴ፣ ሻወር ወሰድክ እኮ" አለኝ ናታን መንገድ ላይ። ሳቅኩ። መሳቄ ከመጥረጌ ይብሳል።

እነዚያን የፈተና ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ብደውል ስልክ የለም፣ ብልክ ሰው የለም። ማታ አልጋዬ ላይ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ያ የተከፈተ አፍ ምን ሊል ነበር እያልኩ አስባለሁ። የሒሳብ ፈተና ላይ አንድ ቀመር ጠፋብኝ፤ "የረሳኸውን ያስታውስህ" ያሉኝን ጠርጌ ጥያለሁና ተገቢ ቅጣት መሰለኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ነጥቡ አልነበረም። አባት የሆኑኝን ሰው፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝን ሰው፣ እንደ ቆሻሻ ቆጥሬያቸው ሄጃለሁ።

ስጨርስ ሻንጣዬን ቤት ሳላስገባ ሱቃቸው ገባሁ። የምድጃ እግር እየበሱ ነበር። መዶሻውን አላስቀመጡም።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ለምኑ?"

"ለዚያ ቀን። ፊቴን ስለጠረግኩ።"

ሁለት ጊዜ መቱና ቀና ብለው አዩኝ። "ጥርሴ ሲያልቅ ልኩን ማወቅ አቃተኝ" አሉ። "እኔ እንትፍታ ያልኩት ካፊያ ሆነብህ። በሐምሌ ደግሞ ካፊያ ማን ይወዳል?"

መሳቅ ፈልጌ አለቀስኩ።

"ተው አንተ! ወንድ ልጅ በምራቅ ያለቅሳል? አንተ አላምጠህ የተፋኸውን ብስኩት ከእጅህ እየተቀበልኩ ስንቴ በልቻለሁ። 'ጋሼ ብላ' ትለኛለህ፣ እበላለሁ። ይጣፍጥ ነበር አልልህም።"

በዚሁ አለቀ። ፈተናውንም አለፍኩ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋሽ ታፈሰ ሲመርቁ ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርገው፣ ከንፈራቸውን በመሐረብ አድርቀው፣ በድምፅ ብቻ "እንትፍ" ማለት ጀመሩ። የጎረቤት ሙሽራም ብትሆን፣ አራስ ሕፃንም ቢሆን፣ ደረቅ እንትፍታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እኔንም እንዲሁ መረቁኝ። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ከአንድ ሽማግሌ ምን እንደወሰድኩ አወቅኩ፣ እንዴት እንደምመልስላቸው ግን አላወቅኩም።

ማክሰኞ ዕለት ከክፍል በኋላ መምህርቷን ተከትዬ ሄድኩ። ነገሩን አሳጥሬ ነገርኳቸውና፣ "ዘበኛው ለምንወደው ሰው በሩን የሚከፍት ከሆነ፣ የእኔ ሰውነት እሳቸውን አልወደዳቸውም ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

ኩባያውን ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። "ዓይንህ ላይ ድንገት ነገር ሲመጣ፣ ከእናትህም ቢመጣ ራስህን ትስባለህ። ያ የፍቅር መለኪያ አይደለም" አሉ። "ሻንጣህን ሳታስቀምጥ ወደ ሱቁ የወሰደህም ያው ሰውነትህ ነው። እሱንም አብረህ ቁጠር።"

"እጅጌዬስ?"

"የእጅጌህን ነገር እኔ አላውቅም። እሳቸውን ጠይቅ።"

ቅዳሜ ሜክሲኮ ላይ ከባቡር ወርጄ ቁልቁል ወደ ሰፈራችን በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታለች፣ እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች መንገዱን ይዘውታል። ሁለት ገዛሁና አንዱን ለጋሽ ታፈሰ ሰጠኋቸው። በድዳቸው እየታገሉ ጥቂት ፍሬ ፈለቀቁና ተውት፤ የተረፈውን ተቀብዬ በላሁ። ሳላስበው ነው የበላሁት፤ ልብ ያልኩት ቆረቆንዳው ብቻ እጄ ላይ ሲቀር ነበር።

ልሄድ ስነሳ መሐረባቸውን አወጡ። እጃቸውን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ እንደ ድሮው ያድርጉልኝ።"

"ካፊያውን?"

"አዎ፣ ካፊያውን።"

መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱና ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እኔም ጎንበስ አልኩ። ምርቃቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ያን ጊዜ ሳይጨርሱት የቀረውም "ወልደህ የምትመርቅ ያድርግህ" የሚል ነበር። ከዚያ እንትፍ አሉ።

ዓይኔ ተጨፈነ፣ ራሴም ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ዘበኛው ሥራውን ሠራ። እጄን ግን ከእጃቸው አላላቀቅኩም። "አሜን" አልኩ። ፊቴ እስከ ሜክሲኮ ድረስ በነፋሱ እየደረቀ ሄደ።