ከእንሰቱ መሃል የተሰማ ጩኸት

ዲላ ውስጥ ቡና መጋዘን ብልሹ ፍሬ ለቃሚ ነኝ። ካቦአችን ቀኑን ሙሉ ይጮህብናል፤ እኔ መልስ አልሰጥም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ቴኳንዶ ጀምሬ ነበር፤ ትምህርቱን ሳቋርጥ እሱን አልተውኩትም። ጠዋት ልጄ ሳትነቃ ጓሮ ወርጄ ድንጋይ አነሳለሁ፤ ከዚያ እንሰቱ መሃል የሰቀልኩትን የአሸዋ ጆንያ እየጮህኩ እመታለሁ። ይህ ባይኖር ካቦውን አንድ ቀን እመታው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገና ላቤ ሳይደርቅ ጎረቤቴ የማርታ እናት ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ይዛ ከተፍ አለች።

«ክፉ መንፈስ ይዟታል! ጠዋት ጠዋት ሲያስጮኻት በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች።

«ኧረ ስፖርት ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ «ዝም በል አንተ!» ብለው መንፈሱን ገሠጹት።

ስድስት እጅ ጭንቅላቴ ላይ ተጭኗል፤ የሥራ ሰዓቴም እየደረሰ ነው። ከሁሉ ያስፈሩኝ ግን ቡድኑን የሚመሩት ሽማግሌ ጋሽ በየነ ናቸው። እሳቸው «ተይ» ካሉኝ ሰፈሩ በሙሉ ያስተወኛል።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሌሎቹን ሸኝተው ብቻቸውን ቀሩ። ጆንያውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ በቀኝ ስትመቺ ግራ እጅሽን ታወርጃለሽ፤ ፊትሽ ይጋለጣል። በዚህ ሳልፍ ሳይሽ ከርሜያለሁ» አሉኝ።