በመዳፍ የተመዘነው ፓወር ሰፕላይ

ሽማግሌው በካሜራሽ ቅረጪኝ ብለው ሲያስጠሩኝ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ምርቃቱን ቀረጽኩ። ከዚያ አንዱን ውሃ አምጣ፣ ሌላውን ቄሱን ጥራ ብለው አስወጧቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«አልዘጋሽውም አይደል?»

«አልዘጋሁም አባባ።»

«የመስኖው መሬት ኮን ከተማ ላለችው ልጄ ነው። እነዚህ አይነግሯትም። ለአርባዬ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይኸን አሳዪልኝ።»

በሳምንቱ ሞቱ።

ቀብራቸውንም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ታላቅየው ልጅ ሁለቱን አያይዤ ለተዝካሩ በቴሌቪዥን የሚታይ ፊልም እንዳደርገው አዘዘኝ። ውስጡ ያለውን አያውቅም ብዬ ነበር። ግን በየሦስት ቀኑ ሱቄ ብቅ ይላል። «አለቀ? እስቲ መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ።» ይቀረዋል እለዋለሁ።

እውነትም ይቀረው ነበር። አሮጌው ኮምፒውተሬ አንድ ፊልም አቀናብሮ ለማውጣት ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል፤ መብራት ደግሞ ያን ያህል አይቆይም። አምስት ጊዜ ጀመርኩ፣ አምስት ጊዜ ተቋረጠ። ግራፊክስ ካርድ ቢገባለት በአንድ ሰዓት ይጨርስ ነበር። ወልድያ ወርጄ ያገለገለ ካርድ አገኘሁ። ካርዱ ግን የድሮው ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ዕቃ፣ ከሚችለው በላይ ጉልበት ይፈልጋል። ደህናው ፓወር ሰፕላይ ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ ሁለት ርካሾች ቀረቡልኝ።

እኔ የመስቀል ነጋዴ ልጅ ነኝ። እናቴ ብርን ከተቀባ ቆርቆሮ የምትለየው በመዳፏ ነው፤ የቀለለውን ትመልሳለች፣ የከበደውን ትይዛለች። ሁለቱንም በእጄ መዘንኩና ከባዱን ወሰድኩ።

ሻጩ ሳቀ። «አንቺስ ዕቃ ታውቂያለሽ» አለኝ። ስድብ መሆኑ ያን ቀን አልገባኝም።

ገጥሜ ሳበራው ፋኑ እያቃሰተ ዞረ። እናቴ አፍንጫዋን ያዘች።

«ይኼ ነገር ይሸታል።»

«አዲስ ስለሆነ ነው እማዬ።»

«ያገለገለ ነው አላልሽኝም?»

«ያገለገለው ካርዱ ነው።»

እኔም ሸቶኝ ነበር። ግን ለአርባው የቀረው ሁለት ቀን ነው። ሌላ ቅጂም የለኝም፤ ያለችኝ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ አንዲት ናት፣ የገነተ ማርያሙን ክርስትና ልቀርጽባት ስል ሁሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ አጥፍቻታለሁ። እኛ ጋ ሥራው እንዲህ ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምፖሉ ደበዘዘ፣ ከዚያ ከልክ በላይ ፈካ። ፓወር ሰፕላዩ ጧ አለ። ጭሱ ቀጭን ነበር። ፊልሙ ያለበትን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ በድሮው ፓወር ሰፕላይ ሞከርኩት፤ ድምፅ የለውም። የአዲሱን ብሎን ፈትቼ ሳየው ከሲባጎ በቀጠኑ ሽቦዎች መሃል በማስቲሽ የተለጠፈ ብረት ተቀምጧል። ክብደቱ እሱ ነበር።

ባዶ እጄን ተዝካሩ ዳስ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ተዘጋጅቶ ነበር። ተቃጥሏል አልኩ። ታላቅየው መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እህቱን አየ። «እግዜር ያለው ነው» አለ፤ ትከሻው ሲላላ አየሁት።

ከኮን የመጣችው ልጅ፣ ጥቁር የለበሰች ትልቅ ሴት፣ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «አባቴ ስለ እኔ ያሉት ነበር?»

«የመስኖው መሬት ለእርስዎ ነው ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ወጥ የምታወጣው ሴት ጭልፋዋን ይዛ ቆመች።

«አሳዪና» አለኝ ታናሽየው።

ሴትዮዋ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። «ሁለተኛ እንዳትደግሚው። እኔ ነገ ወደ ኮን ሂያጅ ነኝ። አንቺ እዚሁ ነሽ።»

በነጋታው ሱቄን ስከፍት ታላቅየው ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ገብቶ ተከፍቶ የተቀመጠውን ኮምፒውተር ጎንበስ ብሎ አየ።

«ፊልሙ የነበረበት ዕቃ የታለ?»

«ተቃጥሏል አልኩዎት እኮ ጋሼ።»

«የተቃጠለውን ስጪኛ። ለማስታወሻ።»

«ጣልኩት።»

ዲስኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳው ትከሻዬ ላይ። በወልድያ በኩል አዲስ አበባ ቢወስዱት ከሞተ ዲስክ ፊልም የሚያወጡ አሉ ይባላል። ይቻል አይቻል እኔ አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። ቦርሳውን ትንሽ አየት አደረገና ወደ በሩ ሄደ።

«ወልድያ የምትወርጂ ቀን ንገሪኝ» አለ ሳይዞር። «መንገዱ ለብቻ አይሆንም።»