የመከታ ስንብት

ብልባላ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት በገባሁበት ቀን መጀመሪያ ያከምኩት ጀርባው የተላጠ የጭነት አህያ ነበር። ቁስሉን በጨው ውኃ አጥቤ ቀና ስል ኃላፊያችን ዶክተሩ አጠገቤ ቆመዋል።

«እዚህ አገር በሬ ይቀድማል» አሉኝ። «ከዚያ አህያ፣ ከዚያ በግ።»

«ውሻስ?»

«ውሻ የሚመጣው ለእብደት ክትባት ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ቴክኒሽያን ሆኜ፣ ሸብቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ላረጀ ውሻ ብሎ የጠራኝ ሰው ከእትየ ጥሩ በቀር የለም።

እትየ ጥሩ ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ናቸው። ከልጃቸው ከሞላ ጋር ከብልባላ ወጣ ብሎ ተረተሩ ላይ ይኖራሉ። አንድ የገበያ ቀን ክሊኒኩ በራፍ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ መከታ የሚባል ውሻ አለኝ። የኋላ እግሩ ከዳው። እስቲ መጥተህ እይልኝ።»

የመድኃኒት ሳጥኔን ይዤ አብሬያቸው ወጣሁ። መከታ በበጎቹ በረት ጥግ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ጥርሱ አልቋል። ከተኛበት ስለማይነሳ ዳሌው ቆስሎ ተልቷል። ትሉን በወረንጦ ለቅሜ፣ ቁስሉን አጥቤ፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። ስነካው አላጉረመረመም። ጅብ ሲያባርር ለኖረ ውሻ ይህ ደግ ምልክት አይደለም።

«አይድንም፣ እትየ።»

ሞላ በረቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እኔስ ምን አልኩ? ገደሉ አፋፍ ወስደን እንተወው፤ ጅቡ ይገላግለዋል። የማንም ውሻ መጨረሻ ይኸው ነው።»

እትየ ጥሩ ወደ እሱ አልዞሩም፤ ለእኔ ነው የነገሩኝ።

«ጦርነቱ ሲመጣ በጎቹን ነድተን ሸሸን። እሱ ቤቱን ትቶ አልከተል አለን፤ ብንጎትተው ብንጎትተው እንቢ ሲል ተውነው። ስንመለስ አጥንቱ ወጥቶ እዚያው ደጃፉ ላይ ተኝቷል። አንዴ ጥየው ሄጃለሁ። አሁን ደግሞ አልጥለውም፤ ካልዳነ እጄ ላይ ሳይሰቃይ ይረፍ።»

ሞላ ከበሩ ዞር አለ።

ያለ ስቃይ የሚያሳርፍ መድኃኒት ክሊኒካችን አልነበረውም። ለባዘኑ ውሾች የሚጣለው መርዝ እያንፈራገጠ ነው የሚገድለው። ለዶክተሩ ነገርኳቸው።

«ለአንድ ውሻ?» አሉ። ጥቂት አሰቡና ላሊበላ ለሚያውቁት ሐኪም ደወሉ። ሲበዛ ልብ የሚያቆም ማደንዘዣ በሚኒባስ ተላከልን።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ወጣሁ። መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ጭኑ ላይ ወጋሁት። እትየ ጥሩ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «መከታየ፣ መከታየ» ይሉታል። ድምፃቸውን ሲሰማ ጅራቱ ጆንያውን መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ ተወ።

«አሁን ያመዋል?»

«አያመውም፣ እትየ። ተኝቷል።»

የፊት እግሩን ፀጉር ላጭቼ፣ ደም ሥሩን ፈልጌ፣ ማደንዘዣውን ቀስ እያልኩ ሰጠሁት። ልቡ እስኪቆም በማዳመጫ ተከታተልኩ። ማለፉን ስነግራቸው አላለቀሱም። እጃቸውን ከራሱ ላይ ለማንሳት ግን ብዙ ቆዩ።

መቃብሩን ጓሮ የቆፈረው ሞላ ነው። ጅብ እንዳያወጣው አጠለቀው፤ ድንጋይም ከመረበት። ጨርሶ ዶማውን እንደያዘ ተቀመጠ። እትየ ጥሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ውሻ አላሳደጉም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው አጭር ነው። የእንስሳው ልብ መቆሙን በማዳመጫ ሳታረጋግጡ ሞተ አትበሉ። ካላችሁም በኋላ ዕቃችሁን ለመሰብሰብ አትቸኩሉ።