የሁዳዴ ማንኪያ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ዶሃ፣ አል ሙንተዛህ፣ አንድ ቤት ውስጥ ምግብ ሳበስል ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ማዳም ያኔ በዲሽ የሚመጣ አንድ ተከታታይ ድራማ ይዟት ነበር። በየቀኑ ከምሳ በፊት ይጀምራል፤ ከጀመረ ስልክ አታነሳም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሽንኩርቴን ይዤ ሳሎኑ በር ላይ እገተር ነበር።

የድራማዋ ሴትዮ ሀብታም ቤት ያገባች ናት። መጀመሪያ አማቷን በሾርባ መርዛ ገደለች፣ ቀጥላ ባሏን፣ ከዚያ የባሏን እህት። ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ "እኔ ስሠራ ጠግቤያለሁ" ብላ እጇን አጣጥፋ ሲበሉ ታያለች። ለቅሶው ላይ ደረቷን ስትደቃ ትውልና ቤት ገብታ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች። ዓይኗን በጨው ያጠበች! "የእጅሽን ይስጥሽ!" እያልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር እጣላለሁ። ማዳምም "ወላሂ፣ ልብ የላትም" ትለኛለች። በሷ ጉዳይ ሁለታችንም አንድ ነበርን።

ሁዳዴ ገባ። ስጾም የሥጋውን ድስት አልቀምስም፤ ጨውን በእጄ ልምድ ነው የምመጥነው። ባለፉት ዓመታትም እንዲሁ ነበር፣ ማንም ልብ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ግን መጅቡስ የሚሉትን ሩዝ በበግ ሥጋ አቅርቤ ልመለስ ስል ማዳም "ቁሚ!" አለችኝ። ባባ የምለው ባሏና ሁለቱ ልጆች ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"አንቺ፣ ከምትሠሪው ቀምሰሽ የምታውቂው መቼ ነው?"

"ጾም ላይ ነኝ፣ ማዳም።"

"ጾም? ትናንት ዳቦ በሻይ ስትበዪ አላየሁሽም?"

ኧረ እንዴት አድርጌ ላስረዳት! በነሱ ጾም ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይቀመስም። በኛ ዳቦውም ምስሩም ይበላል፣ የሚቀረው ሥጋና ወተቱ ነው። በተሰባበረ አረብኛዬ "ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዳቦ አለ" አልኳት። ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለ። ባባ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ መርዝ ጠርጥረውኛል። እኔን! ልጆቿን አጥቤ፣ አብልቼ የማስተኛዋን ሴት! ደግሞ እኮ በድራማው ገዳይዋ ሠራተኛ አይደለችም፣ የቤቱ እመቤት ናት። መጠርጠር ከተፈለገ ማን ማንን ይጠርጥር? ይህን ግን በየትኛው አፌ ልበል?

"ወይ ትቀምሻለሽ፣ ወይ ኢቃማሽ ተሰርዞ ወደ አገርሽ" አለች፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቷ ነው። "ያላ!"

አገር ቤት የአባቴ መድኃኒት በኔ ሥራ ላይ ነበር። ማንኪያውን ከእጇ ተቀበልኩ። ታምሜ እንኳ ያልሻርኩትን ጾም በሰው ሳሎን ቆሜ ዋጥኩት። አፍሽን ክፈቺ አለችኝ፤ ከፈትኩ። ከዚያ በሉ። ባባማ ደገመ!

በማግስቱም ቅመሺ ተባልኩ። በሦስተኛውም ቀን። ሳምንት ሳይሞላ ማዳም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል በጣቷ ብቻ ወደ ማንኪያው ትጠቁመኝ ጀመር።

ዓርብ ዕረፍት ወጥቼ ኡም ጉዋይሊና የሚባለው ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ጋ ሄድኩና ነገርኳት። "በግድ የተበላ አይቆጠርም፣ እግዚአብሔር ያያል" አለችኝ።

"ያያላ! የምውጠው ግን እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ እሷ ምን አደረገችኝ? አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው፤ ያቺ ሦስት ሰው ቀብራ ጥፍሯን ትቀባለች፣ እኔ በማንኪያ ሥጋ የንስሐ አባቴ ዘንድ መደወል አፈርኩ።

ፋሲካ ደረሰ። እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነውና ሥራ ላይ ነበርኩ። ዶሮ በሩዝ ሠርቼ አቀረብኩ። ዛሬስ ማንም ሳያስገድደኝ ልብላ ብዬ ማንኪያውን ሳነሳ ማዳም እጄን ያዘችኝ። ፈገግ ብላለች።

"ኸላስ፣ በቃ ተይው። ትናንት እኮ ተያዘች።"

"ማን?"

"ሴትዮዋ ናታ! ፖሊስ ያዛት።"

እጄን ለቀቀችና ለልጆቹ ሩዝ ማውጣት ጀመረች። አንድ ቃል፣ አንዲት የይቅርታ ቃል ትላለች ብዬ ጥቂት ቆምኩ።

"ሎሚ አምጪ" አለችኝ።