ክብደት ልቀንስ ብዬ ስኳሬ የወረደበት ክረምት

መጀመሪያ የተሰማኝ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ሰኔ ውስጥ ነበር፤ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንደኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ፊደል እጽፋለሁ። «ቀ»ን ከጻፍሁ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋኝ። ጠመኔውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ግንባሬን ላብ አጠመቀው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ በ ነው» አለችኝ። «በ»ን ጻፍሁና ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ምሳዬን ስበላ አለፈልኝ። ድካም ነው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም።

የሻረግ እባላለሁ። ወረታ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ያኔ ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ክኒን እወስድ ነበር። ይህን የሚያውቁት ባለቤቴ አበባውና እናቱ ብቻ ነበሩ። ለሥራ ባልደረቦቼ አልነገርሁም። ሰው «ስኳር አለባት» ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ነገር ያሳፍረኝ ነበር። የማፍርበት ምክንያት እንዳልነበረኝ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አፍር ነበር።

ክብደቴ ዘጠና አንድ ኪሎ ደርሶ ነበር። በክትትል ቀኔ ነርሷ፣ «ክብደትሽን ብትቀንሺ መድኃኒቱም ሊቀነስልሽ ይችላል» አለችኝ። እንዴት እንደምቀንስ አልጠየቅኋትም። እሷም ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበረባት።

መቅደስ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። እሷ ከወለደች በኋላ የጨመረችውን ክብደት በዱቄት ቀንሳ ነበር። ዱቄቱ በቆርቆሮ ነው የሚመጣው፤ ከውስጡ መስፈሪያ ማንኪያ አለው። ሁለት ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጥና በቁርስና በራት ፈንታ ይጠጣል። መጠጡን «ሼክ» ይሉታል፤ ሽታው እንደ ብስኩት ነው። «ከአኩሪ አተር ስለተሠራ ለጾምም ይሆናል» አለችኝ። እሷ ከባሕር ዳር ታስመጣው ነበርና አንድ ቆርቆሮ ለእኔም አስመጣችልኝ፤ ሲያልቅም ትተካልኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ለአበባው፣ «ከነገ ጀምሮ ቁርሴም ራቴም ሼክ ነው» አልሁት።

«የትኛው ሼክ?» አለኝ። ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡትን ሽማግሌ ሼክ ያሰበ መስሎኝ ሳቅሁ። ቆርቆሮውን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና፣ «ታዲያ ይህ ያጠግባል?» ብሎ መለሰልኝ።

አላጠገበኝም። ግን ሠራ። በመጀመሪያው ወር አምስት ኪሎ ቀነስሁ፤ በሁለተኛው ደግሞ አራት። ከዓመታት በፊት የተውሁት ቀሚስ ገባልኝ። ደስ ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም። ይህን የሚያነብ ሰው እኔ የተሰማኝን ሳያውቅ ለምን እንዳላቆምሁ አይገባውም።

መንቀጥቀጡ ግን አልተወኝም። ረፋድ ላይ ይመጣል፣ አንዳንዴም ወደ ማታ። ላብ፣ የልብ ምት፣ የምላስ መክበድ። ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁልፍ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ሻጯን ያለ ምንም ነገር ተቆጣኋት፤ ከዚያ ምን ብላኝ እንደነበረ ማስታወስ አቃተኝ። ለመቅደስ መንቀጥቀጡን ነገርኋት። «ሰውነትሽ ቆሻሻውን እያስወጣ ነው። ታገሽ፣ ያልፋል» አለችኝ። እሷም የተነገራትን ነው የነገረችኝ።

ሰዉ ደግሞ ግራ አጋባኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ «አማረብሽ» ይሉኛል። ባለቤቴ አገር ቁሐር ሚካኤል ስሄድ ሴቶቹ ክንዴን ይዘው፣ «ምን ነካሽ እታለም? ከሳሽ እኮ» ይሉኛል። አማቴ እማማ ጥሩ ማንም ሳይሰማ፣ «ልጄ፣ የደበቅሽኝ ሌላ በሽታ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። መዳኔ ይሁን መታመሜ ለእኔም አልለይ አለኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ክትትሌ ደርሶ ስሄድ ነርሷ ደሜን ለካችና፣ «ስኳርሽ በጣም ጥሩ ነው፤ የምታደርጊውን ቀጥይበት» አለችኝ። ስለ ዱቄቱ አልነገርኋትም። ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም ብዬ። ስለዚህ ቀጠልሁበት።

ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቁሐር ሚካኤል አማቴ ዘንድ ለመሄድ ተነሣሁ። አበባው ሩዝ ለማረም ቀድሞኝ ሄዷል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክኒኖቼን ዋጥሁ። ዱቄቱ ከቆርቆሮው ሥር የቀረ ስለነበር አንድ ማንኪያ ብቻ በጠበጥሁ። ይበቃኛል አልሁ። አራት ሰዓት ገደማ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ስለማያስኬደው በእግሬ ጀመርሁ። ደረቅ ቢሆን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከፊሉን አስታውሳለሁ፣ ከፊሉን ነግረውኛል።

በማሳዎቹ ድንበር ላይ እሄዳለሁ። በሁለቱም ወገን ውሃ ነው። ሩዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚካኤል ዛፎች በግራዬ መሆን ነበረባቸው። በቀኝ አየኋቸው። ቆየሁና ከኋላዬ አየኋቸው። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጫማዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም። የማን ቤት እንደምሄድ ጠፋኝ። ውሃው ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ወዲያ የለም።

ያገኘችኝ ያልጋነሽ የምትባል የዚያው አገር ሴት ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር ሩዝ ታርም ነበር። እንደነገረችኝ ትልቁ የውሃ ቦይ ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ፣ ጫማዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ ጥልቁ እሄዳለሁ። «የት ነሽ? ተመለሽ» ብትለኝ፣ «ደውሉ ተደውሏል፤ ተሰለፉ» አልኋት። ገብታ ክንዴን ያዘችኝ። ታገልኋት፣ መታኋትም። ሌሎቹ መጥተው አወጡኝና ከመካከላቸው አንዷ የእማማ ጥሩ ምራት መሆኔን ስላወቀች ቤት ድረስ ደግፈው ወሰዱኝ።

ቤት ውስጥ የሆነውን አበባው ነው የነገረኝ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶበታል። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ዓይን ነው ያለ አለ፤ ጠበል አምጥቶ የረጨኝ አለ። እማማ ጥሩ ግን፣ «ይህች ልጅ ርቧታል። ከንፈሯን እዩት» አሉና ማር በውሃ በጥብጠው ብርዝ አመጡ። ዋንጫውን ወደ አፌ ሲያስጠጉት አበባው ከእጃቸው ቀማ።

«እማዬ፣ ስኳር አለባት። ማር ይገድላታል» አላቸው።

እሳቸውም ልጃቸውን አምነው ተዉት። ዋንጫው አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ መልስ መስጠት አቆምሁ። ጥርሴ ገጠመ። ሰውነቴ ተንዘፈዘፈ። ያን ጊዜ በቃሬዛ አነሡኝ። አራሚዎቹ እየተቀባበሉ በጭቃው ውስጥ እስከ አስፋልቱ አደረሱኝ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ወረታ ሕክምና ቤት።

ጣቴን ወግተው ስኳሬን ለኩ። ሠላሳ አንድ፤ ከሰባ በታች መውረድ አልነበረበትም። ሐኪሙ አርባ በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሬ ሰጠኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የአበባውን እግር ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ወለሉን አቆሸሸብኝ ብዬ ተናደድሁ። ቤቴ ያለሁ መስሎኝ።

«መምህር፣ የት ነው ያሉት?» አለኝ ሐኪሙ። ወጣት ነው።

«ትምህርት ቤት።»

«ደግመው ያስቡ።»

አሰብሁ። መርፌውን አየሁ። አለቀስሁ።

ሐኪሙ ወደ አበባው ዞሮ ምን እንደበላሁ ጠየቀው። «እሷ ምግብ ከተወች ቆየች። ዱቄት ነው የምትጠጣው» አለው።

«ክኒኑንስ?»

«ክኒኑን አንድም ቀን አላቋረጠችም» አለ አበባው፣ ሊያስመሰግነኝ ብሎ።

ሐኪሙ አስረዳን። ሃይፖግላይሴሚያ ይባላል፤ የደም ስኳር ከሚገባው በታች መውረድ ማለት ነው። አንጎል ያለ ስኳር አይሠራም። ስለዚህ ሰው ይቀባዥራል፣ ይደባደባል፣ እንደ ሰካራም ይሆናል፣ ራሱን ይስታል። «ግሊቤንክላማይድ በልተውም ሳይበሉም ስኳርዎን ያወርዳል። መጠኑ የታዘዘልዎ በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላ ሰው ነው» አለኝ። «ምግብዎን በግማሽ ሲቀንሱ ክኒኑን የሚቀንስልዎ ሰው አልነበረም።»

«እንግዲህ መርዙ የትኛው ነው? ዱቄቱ ወይስ ክኒኑ?» አልሁት።

«አንዱም መርዝ አይደለም። ችግሩ አብረው መሆናቸውን የሚያውቅ ሐኪም አለመኖሩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ስኳሬ እንደገና ወረደ። ክኒኑ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ነው አሉ። ሁለት ቀን አስተኝተው በየሰዓቱ ለኩኝ።

በሁለተኛው ቀን መቅደስ መጣች። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል። «ስኳር እንዳለብሽ ብትነግሪኝ ኖሮ…» አለች።

«ብትጠይቂኝ ኖሮ…» አልኋት።

ሁለታችንም አልጨረስነውም። ቤት ስገባ ባዶውን ቆርቆሮ አንሥቼ ከሥሩ በደቃቅ የተጻፈውን አነበብሁ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር ይላል። የሰውን ልጆች ማንበብ የማስተምር ሴት ሁለት ወር ሙሉ በእጄ ይዤው አላነበብሁትም። መቅደስን እቀየማት ዘንድ ልቤ ሲነሣ ይህን አስታውሳለሁ። አሁንም ጓደኛዬ ናት። ዱቄት ለሌላ ሰው ከማስመጣቷ በፊት ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ትጠይቃለች።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፤ ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን አስቁሞኝ በሜትፎርሚን ብቻ ስለቀጠልሁ መንቀጥቀጡ በጥቂት ቀን ውስጥ ተወኝ፣ ሐሳቤ ግን ተሰብስቦ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ፤ የሰው ስም እረሳ ነበር፣ አበባው የነገረኝን ደግሜ እጠይቀው ነበር፣ መስከረም ላይ ክፍል ስገባም የምጽፈውን ቀድሜ በወረቀት ይዤ ነበር የምገባው። ከቀነስኋቸው ዘጠኝ ኪሎዎች አራቱ ተመለሱ። በእነሱ መመለስ አዝኜም ተረጋግቼም ነበር፣ የትኛው እንደሚበልጥ እንጃ። አሁን ሦስት ጊዜ እበላለሁ፤ ነርሷ በሳህን ላይ እያሳየች እንዳስተማረችኝ ግማሹን ጎመንና አትክልት፣ ሩቡን ሽሮ ወይም ምስር፣ ሩቡን እንጀራ ወይም ሩዝ አድርጌ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ደግሞ ከአበባው ጋር ወደ ማሳዎቹ ወገን እየተራመድሁ፣ በዓመት ውስጥ ስድስት ኪሎ ወርጃለሁ። ላብ ሲያልበኝ ግን ሙቀት ይሁን ስኳር ዛሬም አይለይልኝም። እለካለሁ።

አበባው ከብርዙ ነገር አልወጣም። «ከእናቴ እጅ የቀማሁ እኔ ነኝ» ይላል፤ ሩዝ እየወቃም፣ ዝም ብለን ተቀምጠንም። የስኳር ሕመምተኛ ስኳር ይሰጠዋል ብሎ ማንም አላስተማረውም፤ እኔም አላስተማርሁትም፣ እኔም አላውቀውም ነበርና። አሁን ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። እኔ በሌለሁበትም ይዞት ይሄዳል።

እንደኔ ለሆናችሁ የምለው ይህ ነው። ክብደት መቀነስ መልካም ነው፤ በሼክም ቢሆን የተሳካለት ሰው አለ። ነገር ግን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ አንድ ቁርስ ከመተዋችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ተናገሩ። የምትጠጡትን ለሚያክማችሁ፣ የምትታከሙትን ለሚሸጥላችሁ አትደብቁ። እኔ ሁለቱንም ደብቄ ነው ቦይ ውስጥ የገባሁት። መንቀጥቀጥ፣ ላብና የሐሳብ መጥፋት ሲመጣ ቆሻሻ እየወጣ ነው የሚላችሁን አትስሙ። የቤተሰብ ሰዎች ደግሞ ይህን ያዙልኝ፤ በሽተኛው እየተቀባዠረ ግን መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር፣ ማር ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ ምንም በአፉ አታድርጉ፤ ወደ ሕክምና አሩጡት።

ለሐኪሙና ለነርሶቹ፣ በጭቃ ውስጥ ለተሸከሙኝ አራሚዎች፣ ርቧታል ላሉት ለእማማ ጥሩ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ያልጋነሽን ለማመስገን ጥቅምት ላይ ጋቢ ይዤ ቤቷ ሄድሁ። ጋቢውን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«እውነቱን ልንገርሽ እታለም። መምህርት መሆንሽን አላወቅሁም፣ መታመምሽንም አላወቅሁም። ጠጥታ ነው ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለሰካራም ብለሽ ነው ያ ውሃ ውስጥ የገባሽው? መታሁሽ እኮ» አልኋት።

ያልጋነሽ ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም። «የሰከረንስ ውሃ ይተወዋል?» አለችኝ።