የኦቦ ቱፋ ዘጠኝ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ዘይት ላስቀይር አዳማ አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር። መካኒኩ የተቃጠለውን ዘይት ወደ ባልዲ ሲቀዳ ጥቂቱ አመለጠውና ፀሐይ ሲያግለው በዋለ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ሲደርሰኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። "እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? ለእሱ የቆሻሻ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የልጅነት ቅዳሜዎቼ ሽታ፣ የኦቦ ቱፋ ሽታ ነው።

ኦቦ ቱፋ ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛና የእሳቸው ግቢ አንድ የቆርቆሮ አጥር ይጋራል። ሚስታቸው ሞተው፣ አንዲቷ ልጃቸው ጫልቱ ዓለም ጤና ከተማ አግብታ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ወደ መልካሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የነበረ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ መንከባከብ ነው። አዳማና ጎልፍ ምን አገናኛቸው ብለው የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ግራር የበዛበት፣ ፍየል የማይጠፋበት ሜዳ ነበር፤ እሑድ እሑድ መሐንዲሱም ሐኪሙም ነጋዴውም ዱላውን ተሸክሞ ይመጣል።

ጉድጓዱ ያለበትን፣ ኳሱን በቀስታ የሚያንከባልሉበትን ቦታ "ግሪን" ይሉታል። ሌላ አገር እንደ ምንጣፍ የተከረከመ ሣር ነው አሉ። የእኛ ግሪን ግን ጥቁር ነበር። ለሣር የሚሆን ውሃ ከየት ይምጣ? ኦቦ ቱፋ አሸዋ ይነፉና ከየጋራዡ ለምነው በጀሪካን ያመጡትን የተቃጠለ ዘይት ጨምረው ያሹታል፤ ከዚያ ክብ አድርገው ያነጥፉታል። ዘይቱ አሸዋውን ካልያዘው የአዳማ ነፋስ በአንድ ቀን ጠርጎት ይሄዳል። ዘይት ከበዛ ኳሱ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይጎተታል። ሲሚንቶ የተሞላ በርሜል ደጋግሞ ከተንከባለለበት ደግሞ ተጠቅጥቆ ይለሰልስና ኳሱ ይሸሻል። ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ልኩ ዘጠኝ ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ነበራቸው፤ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ ያስደግፉና ከላይ ኳስ ይለቃሉ። ነጩ ኳስ በጥቁሩ አሸዋ ላይ ያለ ድምፅ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ከዚያ ከቱቦው አፍ ተነስተው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠሙ፣ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ..." እያሉ ኳሱ ድረስ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ። "ሰገል" ሲሉ፣ ማለትም በዘጠኝ፣ ኳሱ ላይ ከደረሱ ቀና ብለው ይስቃሉ። ስምንት ከሆነ በርሜሉን ያንከባልላሉ፤ አሥር ከሆነ ዘይት ያርከፈክፋሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ምሳ ቋጥራ ትልክላቸው ነበር፤ የማደርሰው እኔ ነኝ። አድርሼ መመለስ ሲገባኝ ግራር ሥር ቁጭ ብዬ እቀራለሁ። ያ ከሰዓት ዛሬም ሕልም ይመስለኛል። ሙቀቱ መሬቱን ያርገበግበዋል፣ ኳሷ ስትንከባለል ዓይኔን አብራ ይዛው ትሄዳለች፣ ከወዲያ ማዶ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሲቃጠል ጥላሸቱ በነፋስ እየተንሳፈፈ መጥቶ ግሪኑ ላይ ያርፋል። ኦቦ ቱፋ ተንበርክከው አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅሙታል። "አንድ ቅንጣት ኳስ ታጣምማለች፣ ኢንተላኮ" ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው። አባት አልነበረኝምና ቃሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ራት ሰዓት ላይ በአጥሩ በኩል ለእናቴ ሲያወጓት ሰማሁ። ከአዲስ አበባ ተጫዋቾች ሊመጡ ነው። "እንግዶቹ ካመሰገኑ አሸዋው ይቀጥላል ብለዋል የሜዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ። ካላመሰገኑ ሣር ይተከላል፤ የሚንከባከበውም ሰው ከዚያው ይመጣል።"

"ታዲያ እርስዎስ?" አለች እናቴ።

"እኔማ ሣር የት አውቃለሁ?" አሉ።

እናቴ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጫማ ትሸጥ ነበር። ኦቦ ቱፋ ደግሞ እኔ ሳውቃቸው ከበረባሶ በቀር እግራቸው ላይ ያደረጉት ነገር የለም። ሰው በእንግዳ ፊት እንዴት በጎማ ጫማ ይቆማል ብዬ ተጨነቅኩ። እናቴን ለምኜ አዲስ ከፈታችው ቦንዳ ውስጥ ጫፉ የሾለ፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ መረጥኩላቸው። የልጅ ነገር፣ ያየሁት ማብረቅረቁን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ተቀብለውኝ ብዙ አገላበጡት። "አንቺ ነሽ የመረጥሽው?" አሉኝ። አዎ ስላቸው ጫፉ ውስጥ ጋዜጣ ወትፈው አጠለቁትና "ልክክ አለ!" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ አላወለቁትም።

በዚያው ሳምንት ኳሱን ለቀው ሲቆጥሩ ሰባት ሆነባቸው። ደገሙት፤ ያው ሰባት። ግራ ገባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በርሜሉን ሲያንከባልሉ ሰነበቱ። ቅዳሜ ምሳ ይዤ ስሄድ ላብ በላብ ሆነው፣ በሾለው ጫማ ተረከዝ ከጫፍ እያገጣጠሙ ደረሱና "ሰገል!" ብለው ጮኹ። እኔም አጨበጨብኩ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። እኔና እናቴም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። የመጀመሪያው እንግዳ ኳሱን ነካ አደረገው። ኳሱ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ አለፈው፣ ግሪኑንም ጨርሶ ወጥቶ እሾህ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። "ይሄ ግሪን ነው ወይስ መስታወት?" አለ አንዱ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይቶ ሳቁ ቀረና መነጫነጭ መጣ። የሰብሳቢው ፊት ሲጠቁር አየሁ።

ኦቦ ቱፋ ግራሩ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ጫማው እግራቸውን ልጦት ኖሮ አንዱን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ከጎኑ አሳረፉ። ጫማው ከእግራቸው አራት ጣት ያህል ይረዝማል። እሳቸው አዩት። እኔም አየሁት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ለሁለታችንም ገባን።

ሰብሳቢው ሲመጡ ፈጥነው ጫማውን አጠለቁ።

"ምን ነካዎት ኦቦ ቱፋ? ሰው ፊት አዋረዱን እኮ!"

"አረጀሁ ጌታዬ" አሉ። "መቁጠር ተሳሳትኩ።"

ልናገር አፌን ስከፍት ወደ እኔ ዞር ብለው ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ፈጀኝም።

ሣሩ ተተከለ። ለኦቦ ቱፋ ያዘኑላቸው መስሏቸው የበር ዘበኛ አደረጓቸው። ያንኑ ጫማ አድርገው በር ላይ ይቆማሉ። ተጫዋቾቹ ሲገቡ "ኦቦ ቱፋ፣ ዛሬስ ስንት ቆጠሩ?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም አብረዋቸው ይስቃሉ። እኔ ቀልዱን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሣሩም ከሁለት በጋ አላለፈም፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሰፈር ቆሞበታል። ኦቦ ቱፋ ሲደክማቸው ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ እኔም ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር እያልኩ ራቅኳቸው። ለመጠየቅ ስንቴ አስቤ ስንቴ እንደቀረሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ፈርቼ ነው።

ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ዓለም ጤና ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ የሽንኩርት ማሳ ዳር ተተክሏል። ጫልቱ ስሜን ስትሰማ አቅፋኝ አለቀሰች።

"ጫማ የመረጥሽለት አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "ሶሉን ሦስቴ አስቀይሮታል። 'ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት የተገኘውን ነው፤ ይህን ግን ሰው መርጦልኝ ነው' ይለን ነበር።"

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ልቅሶውን ለማብረድ ብለው ነው መሰለኝ፣ "ነፍሱን ይማረውና ቱፋ ሁሉ ነገሩ መልካም ነበር፤ ቆጠራ ላይ ብቻ ሰነፍ ነው" አሉ። ሰዉ ፈገግ አለ። የጫልቱ ትንሽ ልጅ ጭምር ቀልዱን እንደሚያውቀው ሁሉ ሳቀ። ለካ የልጅ ልጆቻቸው ያደጉት አያታቸው መቁጠር እንደማይችሉ እየተነገራቸው ነው።

"አልተሳሳቱም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣና ሁሉም ዞሮ አየኝ። ስለ ሾለው ጫማ፣ ስለ ሰባቱ፣ ስለ በርሜሉ፣ ግራሩ ሥር ስላየነው ነገር፣ ራሳቸውን ስለ ነቀነቁልኝ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው። "የረዘመው ጫማው ነው፤ በእሱ ሰባት የሆነው በእግራቸው ዘጠኝ ነበር፤ የመረጥኩትም እኔ ነኝ። የእሳቸው ቆጠራ ልክ ነበር።"

ከዚያ ጫልቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ልጇን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ለእሱ እንደገና ንገሪው" አለችኝ። "ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪው።"